የጥርስና የድድ ጤንነት በቤተ ሰብ መካከል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር)






ለወላጆች የሚጠቅም አንድ ጉዳይ መርጠን እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ በክፍላችን ብዙ አሳብ ቀርቦ ነበር። አንዳንዶቻችን ስለ እርሻ፣ ሌሎቻችን ስለ ታሪክ እንናገር አልን። በመጨረሻ ግን በየቤታችን ያለ፣ በየቀኑ የምንገለገልበት፣ ሆኖም እስኪያመን ድረስ የማናስታውሰው ነገር ይሻላል ብለን ስለ ጥርስና ስለ ድድ ለመናገር ተስማማን።

ምናልባት «ስለ ጥርስ ደግሞ ምን የሚነገር አለ? ሲያምም ይነቀላል፣ ሰውም ሲያረጅ ይረግፋል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ የቆምነው ይህንኑ አሳብ ለመቃወም ነው። የጥርስ መርገፍ የዕድሜ ዕጣ አይደለም። አብዛኛው የጥርስና የድድ በሽታ ከመምጣቱ በፊት በቤት ውስጥ፣ በጥቂት ወጪ ሊከለከል ይችላል። ይህም ሥራ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተ ሰብ ሥራ ነው፤ ሕፃን ጥርሱን ራሱ አያጸዳምና፣ የደከሙ አያትም ረዳት ያስፈልጋቸዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን የሚያህል ሰው በአፍ ውስጥ በሽታ እንደሚቸገር አስታውቋል። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም።

ንግግራችንን በአራት እንከፍለዋለን። በመጀመሪያ ጥርስና ድድ እንዴት እንደሚታመሙ፤ ሁለተኛ ስለ ማጽዳት ልማዳችን፤ ሦስተኛ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ለእያንዳንዱ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ፤ በመጨረሻም ልንተወው ስለሚገባን አንድ ልማድ እንናገራለን።

የሰው ልጅ በዕድሜው ሁለት ጊዜ ጥርስ ያበቅላል። የመጀመሪያዎቹ 20 የወተት ጥርሶች ናቸው፤ ሕፃኑ 6 ወር ሲሆነው ገደማ መብቀል ይጀምሩና 3 ዓመት በሚሆነው ጊዜ ተሟልተው ይገኛሉ። ሁለተኛዎቹ 32 ቋሚ ጥርሶች ናቸው። ከነዚህም የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች የሚበቅሉት በኛ ዕድሜ ላይ፣ ማለት ከ17 ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ የሚበቅል ጥርስ የለም።

ጥርስ ከውጭ የተሸፈነበት ነጭ ልባስ በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ፣ ከአጥንትም ይልቅ፣ የጠነከረ ነው። ነገር ግን አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ የጥርስ ልባስ ግን በውስጡ ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለ አንድ ጊዜ ከተቦረቦረ ተመልሶ አይሞላም። ከልባሱ ሥር አጥንት የመሰለ ክፍል አለ፤ በዚያም መካከል የደም ሥርና ነርቭ ይገኛሉ። ሕመም በኀይል የሚሰማን ጕዳቱ ወደዚህ ወደ ውስጠኛው ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ጥርሳችን ባመመን ቀን በሽታው ጀመረ ማለት አይደለም፤ ብዙ ወራት በዝምታ ሲሠራ ቈይቶ ደረሰ ማለት ነው እንጂ።

በአገራችን ጥርስ ሲቦረቦር «ትል በላው» ይባላል። ትሉን በጭስ አወጣለሁ የሚል ሰውም አይታጣም። ይህ አሳብ የኛ ብቻ አይደለም፤ የጥንት ባቢሎናውያንም እንዲሁ ያምኑ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1683 አንቶኒ ቫን ሌውዌንሁክ የተባለ ሆላንዳዊ በእጁ በሠራው ማጉያ መነጽር ከጥርሱ የፋቀውን ነጭ ነገር ቢመለከት በዐይን የማይታዩ ብዙ ተንቀሳቃሽ ፍጥረታት አገኘ። እነዚህ ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸው ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1890፣ አሜሪካዊው ሊቅ ዊሎቢ ሚለር ባክቴሪያዎች በአፍ ውስጥ የቀረውን ስኳርና ዱቄት ነክ ምግብ ወደ አሲድ እንደሚለውጡት፣ ጥርስን የሚያሟሟውም ይኸው አሲድ እንደ ሆነ በመጽሐፉ ገለጸ። እንግዲህ ጥርሳችንን የሚበላው ትል አይደለም፤ እኛው ራሳችን ጣፋጭ እየሰጠን የምንቀልባቸው ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው።

አንድ ሰው ጣፋጭ ነገር በበላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሲዱ ይሠራል። ምራቃችን አሲዱን አጥቦ አፋችንን ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ስኳር በላን የሚለው ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ በላን የሚለውም ነው። አንድ ልጅ ከምሳው ጋር ጣፋጭ ቢቀምስ ጥርሱ አንድ ጊዜ ይጠቃል፤ ያንኑ ከረሜላ ከጧት እስከ ማታ እየቈራረጠ ቢመጥ ግን ምራቁ የዕረፍት ጊዜ አያገኝም፤ ጥርሱም ቀኑን ሙሉ በአሲድ ውስጥ ይውላል።

አሁን ወደ ድድ እንለፍ። ብዙ ሰው ጥርሱን ሲያስብ ድዱን ይረሳል። ነገር ግን ቤት ያለ መሠረት፣ ዛፍ ያለ አፈር እንደማይቆም ሁሉ ጥርስም ያለ ድድና ድዱ ከሸፈነው አጥንት በቀር አይጸናም። ስለዚህ ጉዳይ ተማሪዎች ለሆንነው ለኛ በተለይ የሚያስደንቅ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ለ የተባሉ ሊቅና ረዳቶቻቸው በዴንማርክ አገር፣ በኦርሁስ ከተማ፣ ያደረጉትን ምርምር አሳተሙ። አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የሆኑ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ፈጽሞ እንዲተዉ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። እንደ ገና ማጽዳት በጀመሩ ጊዜ ግን በአንድ ሳምንት ገደማ ድዳቸው ዳነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ድድን የሚያሳምመው በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ በየቀኑ የሚለጠፈው ስስ ሽፋን ነው፤ ያም ሽፋን የባክቴሪያ ክምችት ነው። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ገና በጅምሩ ሳለ ያለ መድኀኒት፣ በማጽዳት ብቻ ሊመለስ ይችላል። ድድ ሲደማ ብዙ ሰው «መፋቁ ጐዳኝ» ብሎ ይተወዋል። ይህ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ድድ የሚደማው ስላልጸዳ ነውና በዝግታና በጥንቃቄ ማጽዳቱን መቀጠል ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ መድማቱን ካላቆመ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ቸል ከተባለ ግን ሽፋኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እንዲህ ከሆነ በኋላ በመፋቂያም በብሩሽም አይነሣም፤ ሐኪም በመሣሪያ ሊያነሣው ይገባል። ድዱ ከጥርሱ ይሸሻል፤ ከሥር ያለው አጥንት እያለቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሳይቦረቦር፣ ብዙ ጊዜም ሳያምም፣ ጥርሱ ይነቃነቅና ይወድቃል። ሽማግሌዎቻችን «ደኅና የነበረ ጥርሴ እንዲያው ወለቀ» የሚሉት ስለዚህ ነው። ሲጋራ ማጤስ ይህን በሽታ ያፋጥነዋል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱ በቶሎ ይታመማል፤ የድዱም ሕመም በተራው የስኳር በሽታውን መቈጣጠር ያስቸግራል። በቤታችን የስኳር ሕመምተኛ ካለ ድዱን እንድንጠይቀው ያስፈልጋል።

በሁለተኛ ክፍል ስለ ማጽዳት እንናገራለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን የጥርስ ብሩሽ ከመምጣቱ አስቀድሞ ጥርሳቸውን የሚያጸዱበት መፋቂያ ነበራቸው፤ ዛሬም አለ። የወይራና የክትክታ መፋቂያ በየገበያው እናገኛለን። በትምህርት ላይ ያለን ወጣቶች መፋቂያ የኋላ ቀርነት ምልክት መስሎን ልንንቀው አይገባም። መፋቂያ በደንብ ከተጠቀሙበት ጥርስን ያጸዳል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ነገር ግን «በደንብ» ያልነውን እንግለጽ። ብዙዎቻችን መፋቂያውን ይዘን መንገድ ለመንገድ ስንሄድ፣ ከጓደኛ ጋር ስንጫወት፣ የፊት ጥርሳችንን ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ እንገዘግዛለን። የሚታየው ጥርስ እንደ ሐጫ በረዶ ሲነጣ፣ የማይታየው መንጋጋ ግን እንደ ቈሸሸ ይቀራል። ትክክለኛው አፈቃቀቅ የሚከተለው ነው። መፋቂያው ትኩስና ንጹሕ ይሁን። ጫፉ እንደ ብሩሽ ፀጕር እስኪለሰልስ ይታኘክ። ከዚያም ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ፣ በዝግታ፣ በውጭም በውስጥም በኩል፣ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ ይፋቅ። ያረጀው ጫፍ ተቈርጦ ይጣል። አንዱ የተጠቀመበትን ሌላው አይውሰድ።

ብሩሽ የሚጠቀም ሰው ፀጕሩ ለስላሳ የሆነውን ይምረጥ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ያህል ያጽዳ፤ ብሩሹንም በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይለውጥ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የጥርስን ልባስ ያጠነክራልና ካጸዱ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውኃ አለመጕመጥመጥ ይሻላል። መፋቂያ የሚጠቀም ሰውም ቢቻለው በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ሳሙና ቢጨምር መልካም ነው፤ መፋቂያው ሽፋኑን ያነሣል እንጂ እንደ ሳሙናው በቂ ፍሎራይድ አይሰጥም። ከሰልና አመድ ግን ጥርስን ለጊዜው ቢያነጡም ልባሱን እንደ ሞረድ ይፍቁታል። ሥጋ ከበሉ በኋላ ጥርስን በመርፌ ወይም በስለታም ስንጥር መጐርጐርም ድድን ያቈስላል።

ከሁለቱ ጊዜ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ቢሆን የሌሊቱ ይበልጣል። ስንተኛ ምራቃችን ይቀንሳል፤ በጥርስ መካከል የቀረው ምግብም ሌሊቱን ሙሉ ለባክቴሪያ ድግስ ይሆናል። የኛ ልማድ ግን ጧት ተነሥቶ መፋቅ፣ ማታ በልቶ መተኛት ነው። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ከመኝታ በፊት ጥርስ ማጽዳት የሚለውን እንድትይዙ እንለምናለን።

በሦስተኛ ክፍል ቤተ ሰቡን በየዕድሜው እንመልከት።

ነፍሰ ጡር የሆነች እናት በእርግዝናዋ ወራት ድዷ በቀላሉ ያብጣል፣ ይደማልም። ይህ በሰውነቷ ውስጥ ከሚደረገው ለውጥ የተነሣ ነውና አትፍራ፤ ማጽዳቷንም አትተው። ነፍሰ ጡር መሆኗን ለሐኪሙ አስታውቃ የጥርስ ሕክምና ብታገኝ የተከለከለ አይደለም።

የሕፃኑ የመጀመሪያ ጥርስ እንደ ወጣ እናቱ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ወይም በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ታጽዳለት። ሳሙና ቢገኝ ከ3 ዓመት በታች ላለው ልጅ የአንድ ሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአንድ አተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ስኳር የተጨመረበት ሻይ ወይም ወተት በጡጦ ይዞ እንዲተኛ ማድረግ የፊት ጥርሶቹን ያበሰብሳል። «የወተት ጥርስ ይወድቅ የለም? ምን ያስጨንቃል?» የሚሉ አሉ። የወተት ጥርስ ግን ልጁ የሚያኝክበትና ንግግር የሚማርበት ከመሆኑም በላይ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው። ያለ ጊዜው ከወለቀ ጐረቤቶቹ ወደ ባዶው ስፍራ ይጋደማሉ፤ ቋሚው ጥርስም ጠማማ ሆኖ ይወጣል።

ልጁ 6 ዓመት ሲሆነው ወላጆች በብዛት የማያውቁት አንድ ነገር ይደረጋል። ሁሉም ሰው ዐይኑን የሚጥለው በፊት ጥርሶች ላይ ነው። ልጁ የወለቀውን ጥርሱን ወደ ጣራ ይወረውራል፤ ቤተ ሰብም ይስቃል። በዚሁ ጊዜ ግን ከወተት ጥርሶች ሁሉ በስተ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች በጸጥታ ይበቅላሉ። ወላጆች «ይህም የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ብለው ይተዉታል። እርሱ ግን እስከ ሽምግልና ሊያገለግል የተሰጠ ጥርስ ነው። እነዚህ አራት መንጋጋዎች ገና በልጅነት የሚበላሹት አንዱ ስለዚህ ነው። እንግዲህ በቤታችሁ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ካለ ዛሬ ማታ አፉን አስከፍታችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ልጅ እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ ብቻውን በደንብ ማጽዳት ስለማይችል ትልቅ ሰው ይርዳው።

ለኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሦስት ነገር እንናገራለን። አንደኛው የለስላሳ መጠጥ ነገር ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም የሚያህል ስኳር አለበት፤ ይህም 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ሰው በምግቡ ላይ የሚጨምረው ስኳር በቀን ከሚያገኘው ኀይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። 5 በመቶ ማለት ለአንድ ትልቅ ሰው 25 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አንዲቱ ጠርሙስ ብቻዋን ከዚህ ልክ ታልፋለች። በዕረፍት ሰዓት ቆሎና ውኃ ይሻለናል፤ ቆሎ ስንበላም ድንጋዩን እንልቀም። ሁለተኛው፣ የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈት ጕብዝና አይደለም፤ ጥርስን መሰንጠቅ ነው።

ሦስተኛው በእግር ኳስ ሜዳ የሚያጋጥም ነው። ቋሚ ጥርስ በግጭት ከነሥሩ ቢወልቅ ጥርሱን አንጣለው። በነጩ ራሱ በኩል ይዘን፣ ሥሩን ሳንነካና ሳንፍቅ፣ ቈሽሾ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ አለቅልቀን ወደ ቦታው እንመልሰው። ይህ ካልተቻለ በወተት ውስጥ አድርገን በፍጥነት፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም እንሩጥ። ጥርሱ ተመልሶ ሊይዝ ይችላል። የሕፃን የወተት ጥርስ ግን እንዲህ አይመለስም።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ እንደ ወንጂና እንደ ዝዋይ ባሉ ስፍራዎች፣ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ የሚያድጉ ብዙ ልጆች አሉ። ይህ የቈሻሻ ምልክት አይደለምና ማንም ሊስቅባቸው አይገባም። ምክንያቱ በጕድጓድ ውኃ ውስጥ ያለ ብዙ ፍሎራይድ ነው። ትንሹ ፍሎራይድ በጥርስ ላይ ሲቀባ ይጠቅማል፤ ጥርሱ በድድ ውስጥ ገና ሲሠራ በየቀኑ በብዛት ከተጠጣ ግን ልባሱን ያበላሻል፤ ሲበዛም አጥንትን ይጐዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር ውኃ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣውም። በዚያ የሚኖሩ ወላጆች በተለይ ከ8 ዓመት በታች ለሆኑት ልጆቻቸው የዝናብ ውኃ ወይም የተመረመረ ሌላ ውኃ ቢያገኙላቸው የልጆቹን ጥርስ ያድናሉ።

አያቶቻችንም አይረሱ። ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ጥሬና ሥጋ ትተው በለስላሳ ምግብ ብቻ ስለሚኖሩ ሰውነታቸው ይደክማል። የቀሩትን ጥርሶች እናጽዳላቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ማታ ማታ አውልቀው ይጠቡት። በአፋቸው ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቍስል ወይም እብጠት ካለ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።

ጥርስ ሲያምም ደግሞ ቅርንፉድ ማድረግ የኖረ ልማድ ነው። ቅርንፉድ በእርግጥ ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛል፤ የተቦረቦረውን ግን አይደፍንም። ሕመሙ ጠፋ ብሎ መተው እሳቱን ትቶ ጭሱን እንደ ማባረር ነው። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካስቸገረ በዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሰናል። ይህን ክፍል እንናገር ወይስ እንተው ብለን በክፍላችን ተከራክረን ነበር። ታላላቆቻችን ባሉበት ስለ ልማድ መናገር ድፍረት እንዳይሆንብን ፈራን። ነገር ግን የሕፃናት ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለ ሆነ ዝም ማለቱ የባሰ መሰለን።

ከኛ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲስቁ የክራንቻቸው ቦታ ባዶ ሆኖ የሚታይ፣ ወይም ክራንቻቸው ተጣሞና ተቦርቡሮ የበቀለ አሉ። በሕፃንነታቸው የወተት ጥርስ ስለ ተነቀለባቸው ነው። ሕፃን 5 ወይም 6 ወር ሲሆነው ተቅማጥና ትኩሳት ይይዘዋል። ድዱ ቢታይ በክራንቻው ስፍራ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ይገኛል። «የሚያሳምመው ይህ ነው» ይባልና በወስፌ ወይም በምላጭ ተፈልፍሎ ይወጣል። ያ ነጭ ነገር ግን በሽታ አልነበረም፤ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነበር።

ታዲያ ተቅማጡ ለምን በዚያ ጊዜ ይመጣል? በዚህ ዕድሜ ሕፃኑ መዳህ ይጀምራል፤ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል። ከእናት ጡት ሌላ ምግብና ውኃም መቅመስ ይጀምራል። ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው በሽታን የመከላከል ኀይልም ይቀንሳል። ጥርስም የሚበቅለው በዚሁ ጊዜ ነው። ሁለቱ አብረው ስለ መጡ አንዱ ለሌላው ምክንያት መሰለ። ጥርስ ማብቀል ሕፃኑን ሊያስለቅሰውና ምራቁን ሊያበዛው ይችላል፤ ከባድ ተቅማጥና ትኩሳት ግን አያመጣም።

ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ተቅማጡ እንዳለ ይቀጥላል። በዚያ ላይ መድማት ይጨመራል፤ ከቈሸሸው መሣሪያም መንጋጋ ቈልፍና ሌላ ተላላፊ በሽታ ሊገባ ይችላል። ከዚህም የተነሣ የሚሞቱ ሕፃናት አሉ። የተረፈውም ልጅ ከወተቱ ጥርስ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ቋሚ ክራንቻው ተጐድቶ ይቀርበታል። ስለዚህ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የጡት ወተት ሳይቋረጥ፣ በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. እየተሰጠው፣ ፈጥኖ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እናቶቻችንን ይህን የምንለው ለመውቀስ አይደለም። ያደረጋችሁት ከፍቅር ነው፤ ልጃችሁ እንዳይሞት ነው። ፍቅሩ ያው ይሁን፤ መንገዱ ግን ይለወጥ።

ድድን ለውበት መነቀስም እንዲሁ ነው። አንዱ መርፌ ከአንዲት ልጅ ወደ ሌላይቱ ሲዞር በደም የሚተላለፍ በሽታ አብሮ ይዞራል። ጤነኛ ድድ ያለ ንቅሳት ውብ ነው።

ከድድ ስለሚነሣ አንድ ክፉ በሽታ ደግሞ ሳንናገር አንለፍ። ኖማ ይባላል። በብዛት የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፣ ምግብ ያጠራቸውንና እንደ ኵፍኝ ባለ በሽታ የደከሙትን ልጆች ነው። መጀመሪያ ድድ ላይ ትንሽ ቍስል ሆኖ ይታያል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ጕንጭን በልቶ ይገድላል፤ የዳነውንም ፊቱን አበላሽቶ ይተወዋል። በአገራችንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ. ም. (እ.ኤ.አ. በ2023) ችላ ከተባሉ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በጅምሩ ከተደረሰበት በተራ መድኀኒትና በመልካም ምግብ ይድናል። ስለዚህ የታመመ ልጅ ድዱ ሲቈስልና አፉ ክፉ ሽታ ሲያመጣ ለነገ አይባልም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤

ብሩሽና ሳሙና ለመላው ቤተ ሰብ መግዛት ለሁሉም ቤት እንደማይቀል እናውቃለን። የጥርስ ሐኪምም በየገጠሩ አይገኝም። ይህም ቢሆን መፋቂያ አለን፤ ንጹሕ ጨርቅ አለን፤ ውኃና ጨው አለን፤ ከሁሉም ይልቅ በማታ በአንድ ገበታ ዙሪያ የመሰብሰብ ልማድ አለን። ከእራት በኋላ አባት መፋቂያውን ቢያነሣ ልጆች ያነሣሉ። እናት የሕፃኑን ጥርስ ስትጠርግ ታላቂቱ ልጅ አይታ ነገ ታናሿን ትጠርጋለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሥራው በቤተ ሰብ ሲከፋፈል ቀላል ነው።

እኛም በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን እንሰናበታለን። ከፊሎቻችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት፣ ከፊሎቻችን ወደ ሥራ፣ ከፊሎቻችንም ወደ የመንደራችን እንሄዳለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቻችን አባትና እናት እንሆናለን። ልጃችን በ6 ወሩ ሲያለቅስና ዘመድ «ጥርሱን አስነቅሉት» ሲለን፣ አክብረን እንቢ ለማለት ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን ቃል ተገባብተናል። እናንተ ታናናሾቻችንም ይህን ቃል ከኛ ተቀበሉ። ያን ጊዜ የዚህ ትምህርት ቤት የወደ ፊት ተማሪዎች ሲስቁ ክራንቻቸው በቦታው ይገኛል።